ፍራንክሊን ሆኪስን መልሶ ያቆመው ይሆን? ከአዲሱ አሰልጣኝ ምን ትጠብቃላችሁ?

ሆኪ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቼ ሲወራ ይዋላል፤ ዛሬ ስለ ሆኪስ፣ ማለትም ስለ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እናውራ። ቨርጂኒያ ቴክ የተማረ፣ ልጁን እዚያ የሚያስተምር፣ ወይም ቅዳሜ ሲደርስ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ሐበሻ በዲሲ ዙሪያ ሞልቷል።

2025 አንገት ያስደፋ ዓመት ነበር። 3 አሸንፈን 9 ተሸነፍን። ገና በሦስተኛው ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ኦልድ ዶሚኒየን 45 ለ 26 ረታን። በማግሥቱ አሰልጣኝ ብሬንት ፕራይ ተሰናበተ። መዝጊያው ላይ ደግሞ ዩቪኤ (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) 27 ለ 7 አሸነፈን። በዚህ ሁሉ መሀል ያገኘነው አንድ ደስ የሚል ዜና ኖቬምበር ላይ የተሰማው የጄምስ ፍራንክሊን ቅጥር ነው።

እኔ በሰውየው ትልቅ ተስፋ አለኝ። ብዙ ሰው የሚያወራው ፔን ስቴት ስላሳለፈው ጊዜ ነው። እኔን ያሳመነኝ ግን ከዚያ በፊት ቫንደርቢልት ላይ ያደረገው ነው። ቫንደርቢልት በ2009ም በ2010ም ሁለት ሁለት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ያውም እነ አላባማ ባሉበት ኤስኢሲ በሚባለው ሊግ ውስጥ። በትምህርቱ የተከበረ ነው፤ በፉትቦል ግን ከቁጥር የሚያስገባው አልነበረም። ፍራንክሊን በ2011 ገባና በመጀመሪያው ዓመት 6 አሸነፈ። በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛውም 9። ከታች ተነስቶ ቡድን መሥራት ያውቅበታል።

ለመጀመሪያው ዓመት የምጠብቀው ብዙ አይደለም። ቦውል፣ ማለትም የዓመቱ መዝጊያ የክብር ጨዋታ የሚያስገባውን 6 ድል እናግኝ። በገዛ ሜዳችን ሌን ስታዲየም ላይ ልናሸንፈው በሚገባን ቡድን አንሸነፍ። ዩቪኤን እናሸንፍ። ከዚያ በላይ የመጣው ምርቃት ነው።

ትልቁ ተስፋዬ ግን ሌላ ነው። የቨርጂኒያ ልጆች እዚሁ ቨርጂኒያ ይቅሩልን። ትሬቪዮን ሄንደርሰን የሆፕዌል ልጅ ነው፤ ኦሃዮ ስቴት ሄዶ በ2024 የውድድር ዘመን የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ትሬስ ማክሶርሊ የአሽበርን ልጅ ነው፤ ፔን ስቴት ሄዶ በ2016 የሊጋቸውን የቢግ ቴንን ዋንጫ አነሳ። አሰልጣኙ ማን ነበር? ራሱ ፍራንክሊን። ከደጃችን ልጆች ሲወስድብን የኖረ ሰው ዛሬ የእኛ ሆኗል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ፊሊ ሐበሻ

እኔ የፔን ስቴት ደጋፊ ነኝ። ፍራንክሊንን ከ2014 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀን አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ የሚመጣላችሁን በደንብ አውቃለሁ።

መልካሙን ላስቀድም። ሲመጣ ቡድናችን ከቅጣት ገና አልተላቀቀም ነበር፤ የስኮላርሺፕ ቁጥራችን ተቀንሷል። በሦስተኛው ዓመት የቢግ ቴንን ዋንጫ አመጣልን። በጠቅላላው 104 ጨዋታ አሸነፈ። በ2024 ለአገር ዋንጫ በሚደረገው ፕሌይኦፍ ላይ ኤስኤምዩንና ቦይዚ ስቴትን ጥለን ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ኖትር ዳም በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኳሷን በፊልድ ጎል (በእግር መትቶ) አግብቶ 27 ለ 24 ባያወጣን ኖሮ ፍጻሜ ነበርን።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ። ከምርጥ 10 ቡድኖች ጋር ሲገናኝ 4 አሸንፎ 21 ተሸንፏል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በ2025 በደረጃ ሁለተኛ ሆነን ጀመርን። ኦሪገን መጥቶ በሁለት ተጨማሪ ጊዜ 30 ለ 24 አሸነፈን። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ልቡ ተሰበረ። በሳምንቱ እስከዚያ ድረስ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው ዩሲኤልኤ 42 ለ 37፤ ቀጥሎ በገዛ ሜዳችን ኖርዝዌስተርን 22 ለ 21። ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባካችን ድሩ አላርም እዚያው ተጎዳ። «ፍራንክሊን ይባረር» የሚለው ጩኸት ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር፤ በማግሥቱ ተባረረ።

በዓመት 8 እና 9 የሚያሸንፍ ቡድን ይሠራላችኋል። ይህን ሳልጠራጠር እነግራችኋለሁ። ከዚያ በላይ የፈለጋችሁ ቀን ግን ልባችሁን አጽኑ።

የፌርፋክስ እናት

ልጄ ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ባለበት ከተማ፣ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ጨዋታውን ማየት የጀመርኩት ከእሱ ጋር ለማውራት ብዬ ነው። አሁን እሱ ፈተና ላይ ሲሆን እኔ ብቻዬን አያለሁ፤ ውጤቱንም እነግረዋለሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውየው ከፔን ስቴት ሲባረር 49 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል ተባለ። ቆይቶ ደግሞ 9 ሚሊዮን ነው ሲባል ሰማሁ። የትኛው ነው እውነቱ? ሌላው፣ ቴክ ለስፖርት 229 ሚሊዮን ሊጨምር ነው ይባላል። እኛ ለትምህርት በምንከፍለው ደረሰኝ ላይ የስፖርት ክፍያ የሚል አለ። ሸክሙ በልጆቻችን ላይ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ቡድኑን እወደዋለሁ፤ ግን ቤተሰብ አለኝ።

ሆኪ ከአሌክሳንድሪያ

እትዬ፣ ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። ፔን ስቴት ኮንትራቱን ሲያፈርስ የቀረው ክፍያ ወደ 49 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ውሉ ግን ሰውየው ሌላ ሥራ ሲያገኝ የሚያገኘው ደመወዝ ከዚያ ላይ ይቀነስ ይል ነበር። ቴክ ሲቀጥረው ተነጋግረው በ9 ሚሊዮን ዘጉት።

229 ሚሊዮኑ በአራት ዓመት ውስጥ የሚጨመር ነው፤ ለፉትቦል ብቻም ሳይሆን ለጠቅላላው የስፖርት ክፍል ነው። ቦርዱ የወሰነው ፕራይ ከተሰናበተ በኋላ፣ ፍራንክሊን ከመምጣቱ በፊት ነው። ሰውየውም እዚህ የመጣው ይህን አይቶ ይመስለኛል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ያን የማይከፍል ትምህርት ቤት ጥሩ ልጅ ሊያቆይ አይችልም።

ስለ ተማሪው ክፍያ ያለዎት ሥጋት ግን ትክክል ነው። እኔም እላለሁ፣ ገንዘቡ ከለጋሾችና ከቴሌቪዥን ይምጣ። ልጆቹ የሚማሩበት ገንዘብ ለኳርተርባክ ደመወዝ መሆን የለበትም። ይህን ዩኒቨርሲቲው ስብሰባ ሲጠራ በግልጽ መናገር ያለብን እኛው ነን።

የቢመር ዘመን ሰው

ልጆች፣ የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ።

ፍራንክ ቢመር ቴክን ማሰልጠን በ1987 ሲጀምር 2 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 3 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ቡድኑ በቀድሞው አሰልጣኝ ጥፋት ቅጣት ላይ ስለነበር የስኮላርሺፕ ተጫዋች እንኳ እንደ ልቡ መያዝ አይችልም ነበር። እሺ፣ ይህ ያልፋል ተባለ። በስድስተኛው ዓመት፣ በ1992፣ 2 ድል፣ 8 ሽንፈትና 1 አቻ! ብዙ ጨዋታ ደግሞ እየመሩ በአራተኛው ሩብ የተሸነፉት ነበር። ዛሬ ቢሆን ስድስት ዓመት ማን ይሰጠዋል?

የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ዴቭ ብሬይን ግን አላባረረውም። ቢመር ረዳቶቹን ቀየረ። በ1993 9 አሸንፎ ቦውል ገባና ኢንዲያናን 45 ለ 20 ቀጣ። ከዚያ እስከ 2015 ድረስ 23 ዓመት በተከታታይ ቦውል ሳይገባ የቀረበት ጊዜ የለም። ቡድኑን በ238 ድል ነው የተሰናበተው።

1999ን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ኳርተርባካችን ማይክል ቪክ ገና አንደኛ ዓመቱ ነበር። መደበኛውን ውድድር ሳንሸነፍ ጨርሰን ኒው ኦርሊንስ ላይ ለአገር ዋንጫ ፍሎሪዳ ስቴትን ገጠምን። 28 ለ 7 ተመርተን ነበር። ቪክ ይዞት ሲሮጥ፣ ሊይዘው የመጣው ተከላካይ እጁን ዘርግቶ አየር ሲጨብጥ አስታውሳለሁ። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 29 ለ 28 እየመራን ነበር! በአራተኛው አቅም አነሰንና 46 ለ 29 አለቀ። ተሸንፈንም ኮርተን ወጣን።

ቢመር የሠራው ነገር ምን መሰላችሁ? ሌላው አሰልጣኝ ተጠባባቂዎቹን የሚያሰልፍበት የኪክ ቡድን (ኳስ በእግር ሲመታ የሚገባው) ላይ እርሱ ምርጦቹን ያሰልፍ ነበር። ተጋጣሚ ፐንት ሊመታ፣ ማለትም ኳሷን በእግር ወደ ሩቅ ሊለጋ ቆሞ ኳሷ ከመሀል ስትወረወርለት፣ የኛ ልጅ ከጠርዝ በርሮ ደርሶ እጁን እግሩ ሥር ይከት ነበር። ኳሷ እጅ ላይ ስታርፍ የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ብዙ ገንዘብ ባልነበረን ጊዜ ከሀብታሞቹ ጋር ያስተካከለን ይህ ነው። ፍራንክሊን ይህን ቢመልስልን ሌላ አልጠይቀውም።

በመጀመሪያ ዓመት ውጤት ደግሞ አትታለሉ። ጀስቲን ፉዌንቴ በ2016 ገብቶ 10 አሸነፈ፤ የዚያን ዓመት የአገር ሻምፒዮን ከሆነው ክሌምሰን ጋር ለሊጋችን ለኤሲሲ ዋንጫ ተፋልሞ 42 ለ 35 ነው የተሸነፈው። አገኘነው ብለን ነበር። በ2018 ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድል ሽንፈታችን በለጠ። በ2021 ተሸኘ።

ከሀሪሰንበርግ

ጋሼ፣ የነገሩን ሁሉ እውነት ነው፤ ዘመኑ ግን ተቀይሯል።

ኢንዲያናን ይመልከቱ። በ2023 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ ልክ እንደ እኛ 2025። ከርት ሲግኔቲን ቀጠረ። በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸነፈ። በሁለተኛው 16 ተጫውቶ 16ቱንም አሸንፎ፣ በፍጻሜው ሚያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ! ይህ ሰው ከየት መጣ? ከጄምስ ማዲሰን፣ ከዚሁ ከሀሪሰንበርግ። ከብላክስበርግ በ81 አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እዚህ እያለ ቡድኑን አይቻለሁ፤ ከሌላ ቦታ ያልተፈለጉ ልጆችን ሰብስቦ ስህተት የማይሠራ ቡድን ያደረገ ሰው ነው። እኛ ያኔ ፕራይን ይዘን ነበር።

የዛሬ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ በሚቀየርበት በትራንስፈር ፖርታል በአንድ ጥር ይመጣል፤ በአንድ ጥር ይሄዳል። አሰልጣኝም እንደ ድሮው አራት ዓመት ልጅ እያሳደገ አይጠብቅም። ገንዘቡ አለ፣ ስሙ አለ፣ ከፔን ስቴት ኳርተርባኩ ኢታን ግሩንከማየር ተከትሎት መጥቷል። ታዲያ ለምንድን ነው 6 ድል የምንለምነው? እኔ 8 እጠብቃለሁ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ለኤሲሲ ዋንጫ መጫወት አለብን።

ሆኪ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾችን ይዞ ነው የሄደው። አብረውት ያሸነፉ፣ የሚፈልገውን የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ፍራንክሊን ከፔን ስቴት ይዞ የመጣው ልቡ ከተሰበረ ቡድን የወጡ ልጆችን ነው። 8 ብናሸንፍ እኔ ነኝ ቀድሜ የምጨፍረው። ግን በሁለተኛው ዓመት 7 ቢሆን «ይውጣ» እንዳንል ነው ፍርሃቴ። አርሰናል አርቴታን በ2019 ቀጥሮ ሁለት ጊዜ በተከታታይ 8ኛ ወጣ። ያኔ እዚሁ መድረክ ላይ ስንቶቻችን ነን ይባረር ያልነው?

ብላክስበርግ ሦስተኛ ዓመት

እኔ ተማሪ ነኝ። የኦልድ ዶሚኒየን ዕለት ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ቡድኑ ከመተላለፊያው ሲወጣ እንደ ሁልጊዜው ሁላችንም ዘለልን፤ የቆምንበት ብረት እግራችን ሥር ይርገበገባል። ከዕረፍት በፊት ግን ጨዋታው አልቆ ነበር። ሰው በዝምታ መውጣት ጀመረ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ገና ያልነኩትን የቱርክ ዶሮ እግር በፎይል መልሰው ጠቅልለው ተነሡ። ስድብ እንኳ አልነበረም። ጩኸት ከዚያ ይሻለን ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የፕራይ መመለስ ነው። ከዋና አሰልጣኝነት የተባረረ ሰው እንዴት በወራት ውስጥ ተመልሶ የዲፌንስ (የመከላከል) ኃላፊ ይሆናል? ተጫዋቾቹስ እንዴት ያዩታል?

የቢመር ዘመን ሰው

ልጄ፣ አለቃ መሆንና ባለሙያ መሆን ይለያያል። ፕራይ ቫንደርቢልትም ፔን ስቴትም የፍራንክሊን ሰው ነበር፤ ፔን ስቴት ላይ ዲፌንሱን ለዓመታት መርቶ የማያሳፍር ሥራ ሠርቷል። ሁለቱ ተዋውቀዋል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ዕድልም አልቀናውም። የ2024ቱን የሚያሚ ጨዋታ አትርሳ። 38 ለ 34 እየተመራን፣ ሰዓቱ አልቆ፣ ኳርተርባካችን ድሮንስ ኳሷን ወደ ጎል ክልል ወረወረ። የእኛው ፌልተን በሰው ክምር መሀል ያዛት። ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ታችዳውን፣ አሸነፍን! ልጆቹ ሜዳ ላይ ተቃቀፉ። ከዚያ ቪዲዮ ይታይ ተባለ። ደቂቃዎች ሄዱ። አልያዛትም ብለው ሻሩት። እኔ እስከ ዛሬ ግልጽ ማስረጃ አላየሁም። ያ ድል ቢጸና ኖሮ የፕራይ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተሰናብቶበት ወደነበረው ቤት ዝቅ ብሎ ተመልሶ መሥራት ቀላል አይደለም። እኔ አከብረዋለሁ።

ፊሊ ሐበሻ

ጋሼ ትክክል ናቸው። ፕራይ የኛን ዲፌንስ በሚመራበት ጊዜ ነጥብ ማስቆጠር ለተጋጣሚ ፈተና ነበር። ከቅጥሩ ሁሉ እኔን ያስቀናኝ እሱ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

የሜሪላንድ ደጋፊ ነኝ፤ እናንተ የማታነሱትን ላንሣ። ፍራንክሊን እኛ ጋር ነው ያደገው። በዋና አሰልጣኙ በራልፍ ፍሪጅን ሥር ኦፌንሱን (ማጥቃቱን) ይመራ ነበር። በ2009 «ቀጣዩ ዋና አሰልጣኝ አንተ ነህ» ተብሎ በይፋ ተሾመ። ቃሉ አልተጠበቀም፤ በ2010 መጨረሻ ወደ ቫንደርቢልት ሄደ። እኛ ከዚያ ወዲህ የሆንነውን ታውቃላችሁ።

ይህን አካባቢ መንደር በመንደር ያውቀዋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹን፣ የዲማታን፣ የጎንዛጋን፣ የጉድ ካውንስልን አሰልጣኞች በስም ይጠራቸዋል። ኦሉ ፋሻኑ የዎልዶርፍ ልጅ ነው፤ ጎንዛጋ ተምሮ ፔን ስቴት ሄደ፤ በ2024 የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤፍኤል ቡድን ጄትስ በተጫዋቾች ምርጫ በአንደኛው ዙር ወሰደው። ቤተሰቡ ከናይጄሪያ ነው። ይህን የምለው ለኛም ነገር ስላለው ነው። የኛ ወላጆች ልጃቸውን ለፉትቦል አይሰጡም፤ ጉልበቱ ይጎዳል፣ ትምህርቱን ይተዋል ይላሉ። ፋሻኑ ግን በ2023 ለኤንኤፍኤል መሄድ ሲችል ትምህርቴን ልጨርስ ብሎ አንድ ዓመት ጨመረ። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገ አሰልጣኝ የሐበሻ እናት ሳሎን ተቀምጦ ማሳመን የሚችል ይመስለኛል።

ለእናንተም አዲስ ነገር አይደለም። አራቱም የፉለር ወንድማማቾች የሜሪላንድ ልጆች ሆነው ቴክ ነው የተጫወቱት። ቢመር ነበር ወንዙን ተሻግሮ የወሰዳቸው።

የፌርፋክስ እናት

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታናሹ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ፉትቦል ልጫወት እያለ ይነዘንዘኛል። ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚባለው ያስፈራኛል። ይህን እንኳ ማንም አሰልጣኝ አያሳምነኝም፤ ሐኪም ነው የምጠይቀው። ስለ ትምህርቱ ያልከው ግን ልቤን ነካው። አመሰግናለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ልክ ነዎት እትዬ፣ እናት ናት የምትወስነው። በነገራችን ላይ በመጪው መስከረም ቴክ ኮሌጅ ፓርክ ድረስ መጥቶ ከእኛ ጋር ይጫወታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከቨርጂኒያ የምትመጡ ካላችሁ ጨዋታው ሲያልቅ ምሳውን ጋባዥ እኔ ነኝ፤ ብታሸንፉም ብትሸነፉም።

ብላክስበርግ ሦስተኛ ዓመት

እኔና ጓደኞቼ እንመጣለን። ለቅዳሜ አራት ሰዓት መንዳት ለኛ ምንም አይደለም። ትኬቱን ከየት በኩል ብንይዝ ነው አንድ ላይ የምንቀመጠው?

ሆኪ ከአሌክሳንድሪያ

ትኬቱን እኔ አስተባብራለሁ፤ የሚመጣ ሰው እዚሁ ይጻፍ። ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ጋር እንያዝ።

ከሀሪሰንበርግ የጻፍከው ወንድሜ፣ አንተም ና። 6 ነው 8 የሚለውን እዚያው እንከራከራለን። እኔ ከውጤቱ እኩል የማየው አንድ ነገር አለ። ዲማታ ከኮሌጅ ፓርክ አጠገብ ነው። የዚህ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች በእንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ በግብዣ መጥተው ከሜዳው ጠርዝ ቆመው ያያሉ። ፍራንክሊን ከጨዋታው በፊት ሄዶ ስንቶቹን በስማቸው እንደሚጠራ፣ ስንቶቹስ እርሱን ሲያዩ እንደሚስቁ ማየት እፈልጋለሁ። ከነዚያ ልጆች ሦስት አራቱ በሚቀጥለው ዓመት ብላክስበርግ ከገቡ፣ 6ም አሸነፍን 8 ቅጥሩ ትክክል ነበር እላለሁ።